ያሕያ ሲኒማ ያልጨረሰው ፊልም

ታክሲዋ ከሎስ አንጀለስ ደቡብ፣ ከጋርዴና መጋዘኖች መሃል ወጥታ ወደ ሰፊው አውራ ጎዳና ስትታጠፍ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ቀበቶ የታሰረላቸው ሁለት መንገደኞች ነበሩ፤ የሸረፈዲን እናት ሙጂባና በክብ ቆርቆሮዎች የታሸገ አንድ ፊልም። ሸረፈዲን ቆርቆሮዎቹን ከማሳያ መሣሪያው ጋር ከዕቃ መጫኛው ሊከታቸው ነበር። እናቱ ግን ከዘራዋን አንስታ አላስነካ አለች።

«የአባቴን ፊልም ከትርፍ ጎማ ጋር ልታስተኛው ነው? አንተ ልጅ፣ እኔ ሳልሞት?»

ስልሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው «ልጅ» ቆርቆሮዎቹን ከኋላ ወንበር አስቀምጦ ቀበቶ አሰረላቸው። ሎስ አንጀለስን በታክሲ ሲያካልላት ሰካራም ጭኗል፣ ምጥ የያዛት ሴት ጭኗል፣ አንድ ጊዜም ጥጃ የሚያህል ውሻ ጭኗል። ቀበቶ አስሮ ፊልም ሲጭን ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ልቡ ግን መንገዱ ላይ አልነበረም። ገና ከመጋዘኑ ደጃፍ፣ ልጁ ሱሀይላ እጁን ይዛ ወደ ጎን ወስዳ የነገረችው ነገር ሆዱ ውስጥ እንደ ጥሬ ባቄላ ተቀምጦበታል። ሱሀይላ ዌስትውድ ካለው ዩኒቨርሲቲ የድሮ ፊልሞችን ታጠናለች። አያቷ ከሕፃንነቷ ጀምራ የነገረቻትን ሁሉ፣ ጥቁር ካባ የለበሰውን ሰው፣ የሴቶቹን መስኮት፣ በጠመዝማዛው ደረጃ ላይ የተደረገውን የጎራዴ ፍልሚያ እያነጻጸረች ስታስስ ከርማ፣ አንድ ቅጂ ጋርዴና ከሚኖር አሮጌ ፊልም ሰብሳቢ ዘንድ አገኘች። ሰውየውም ለአንድ ቀን ሊያውሳት ፈቀደ። ጣጣው የመጣው ፊልሙን እዚያው ሰውየው ቤት አስቀድማ ስላየችው ነው።

«ዳዲ፣ ስቶሪው እማማ እንደምትለው አይደለም» አለችው። «ሰውየው እህቱን አይደለም የሚፈልገው። ፕሌየር ነው! ከአንዷ መስኮት ወደ ሌላዋ ነው የሚዘለው። እህት የሚባል ነገር ፊልሙ ውስጥ ጭራሽ የለም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሁለቴ ነው ያየሁት። ሶ... ዛሬ ለእማማ ምንድነው የምትላት?»

ጥያቄው እሱ ነበር። ሙጂባ የከተማው ሐበሻ በሚሰባሰብበት በፌርፋክስ ሰፈር የምትታወቀው በዚህ ታሪክ ነው። አባቷ ያሕያ ደሴ ውስጥ «ያሕያ ሲኒማ» ይባል ነበር፤ ድምፅ የሌለውን ፊልም ከሚታይበት አቡጀዲ ጎን ቆሞ በአማርኛ የሚተርክ ሰው። ቅመም መሸጫው ውስጥ ትሁን ጸጉር ቤት፣ ሙጂባ የምታወራው የአባቷን ፊልም ነው፤ ሸረፈዲን የተባለ ባለካባ ጠፍታ የቀረች እህቱን አገር ላገር ሲፈልግ። የልጇን ስም እንኳ ያወጣችው ከዚያ ነው። ደሴ የደረሰው ፊልም የመጨረሻው ጥቅል ጎድሎት ስለነበር፣ ሰውየው እህቱን ያግኛት አያግኛት ሳታውቅ ይኸው አረጀች። ዛሬ የሰፈሩ ምግብ ቤት ባለቤት ጋሼ ግርማ ጠረጴዛዎቹን ገፍቶ፣ ሰፈሩን ጠርቶ፣ ያንን መጨረሻ ሊያሳያት ነው። የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ እያነበበ በአማርኛ እንዲተርክ የተመረጠው ደግሞ የያሕያ የልጅ ልጅ፣ ሸረፈዲን ራሱ ነው።

እውነቱን ከተናገረ እናቱ በሰው ፊት የአባቷን ውሸት ልትሰማ ነው። ከዋሸ ደግሞ፣ ፌርፋክስ ላይ ከእናቱ በቀር እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው ከየት ይመጣል? ለነገሩ እሱስ ቢሆን፣ አምስት ወቅት ሰጋጅ፣ ሐጅ ያደረገ ሰው፣ እስከ ዛሬ በሴት አውል ስም ሲጠራ መኖሩ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኸው ነው።

«እማ» አለ በመስታወቱ እያያት፣ «አባትሽ እንዴት ነበር የሚጀምረው? እኔም በዚያው ልጀምር።»

ሙጂባ ጥያቄውን ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቅ የኖረች ይመስል ሻሿን አስተካክላ ተቀመጠች። መናገር ስትጀምር ከመስኮቱ ውጭ የነበሩት የጎማ ቤቶችና የዶናት መሸጫዎች ከዓይን ጠፉና ወሎ መጣ።

ጊዜው ጣልያን ከወጣ በኋላ ነው። የፊልሙ ባለቤት ሁሉም «ሙሴ» እያለ የሚጠራው አርመን ነበር። ሌላው ዓለም የሚናገር ፊልም ማየት ከጀመረ ቆይቷል፤ ሙሴ ግን አሮጌውንና የተጣለውን ገዝቶ፣ በእጅ የሚዞር መሣሪያውን በጭነት መኪና አስጭኖ፣ ከደሴ ወደ ሐይቅ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ገበያ ተከትሎ ይዞራል። ሲመሽ በሁለት ባሕር ዛፍ ግንዶች መካከል አቡጀዲ ይወጠራል። የአገሩ ሹም ቀኛዝማቹ ከቤታቸው ባስመጡት ወንበር ላይ በርኖሳቸውን ደርበው ከፊት ይቀመጣሉ፤ አሽከሮቻቸው ጠመንጃ አንግተው ከግራ ከቀኝ ይቆማሉ። ከእነሱ ኋላ ነጋዴው፣ ከነጋዴው ኋላ ባላገሩ። ሴቶቹ ለብቻቸው በወዲያ በኩል ናቸው።

ያሕያ፣ ሙሴ የሸለመውን ያረጀ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ረጅም ዘንግ ይዞ፣ አስቀድሞ ለሹሙ እጅ ይነሳል።

«ጌታዬ ቀኛዝማች ይፍቀዱልኝ! እናንተም የባቲ ሰዎች ስሙኝ! ይህ የምታዩት ባለካባ ሸረፈዲን ይባላል። ከቤቱ የወጣው ወርቅ ሽቶ አይደለም፣ ሹመት ሽቶም አይደለም። እህቱ ጠፍታበት ነው!»

ባለካባው መስኮት ሲወጣ «እህቴ እዚህ ናት ወይ ብሎ ሊጠይቅ ነው!» ይላል። የቤቱ አባወራ ጎራዴ መዞ ሲመጣ «ነገሩን ሳይሰማ የሚቆጣ ሰው ታያላችሁ?» ብሎ ሕዝቡን ያስቆጣል። ሁለት ከንፈሮች የተቀራረቡ እንደሆነ ደግሞ ሮጦ ባርኔጣውን ከመሣሪያው ብርሃን ፊት ይደቅናል፤ አገር ይጨልማል፣ ወጣቱ ይጮሃል፣ ቀኛዝማቹ በርኖሳቸው ውስጥ ይስቃሉ። ጥቅል በተቀየረ ቁጥር ፋኖስ ይለኮሳል፤ ያን ጊዜ ያሕያ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

«ልጅቱ ጠይም ናት» አለች ሙጂባ፣ የአባቷን ድምፅ አስመስላ። «ከግራ ቅንድቧ በላይ ገብስ የምታክል የእሳት ጠባሳ አላት። ስትስቅ አፏን በነጠላ አትሸፍንም። ውሃ ስትቀዳ ታፏጫለች። ያያት አለ? ... ሕዝቡም አላየንም ይላል። በመጨረሻም እንዲህ ብሎ ነው የሚጨርስ፤ እስካሁን አልተገኘችም። ያያችሁ ንገሩኝ።»

ሱሀይላ ከፊት ወንበር ዞረች። ነገር ሳይገባት ማለፍ የማትወድ ልጅ ናት።

«እማማ፣ ፊልሙ ላይ እኮ ጠባሳ ያላት ሴት የለችም። አንዲትም።»

ሸረፈዲን ልጁን በዓይኑ ሊገስጻት ሞከረ፤ ቃሉ ግን ከአፏ ወጥቷል። ሙጂባ ቆርቆሮውን መዳበስ ያዘች። ታክሲዋ ከአውራ ጎዳናው ወረደች።

«ፊልሙ ላይማ ከየት ትመጣለች» አለች በመጨረሻ። «ጠባሳው የእህቴ ነው።»

ሸረፈዲን እናቱ በልጅነቷ የሞተች ታላቅ እህት እንደነበረቻት ያውቃል። ስሟን ሲጠይቅ «አይጠራም» ተብሎ ያደገ ነው። አሁን መብራቱ ቀይ ሆኖ ቆመው ሳለ እናቱ አለመሞቷን ነገረችው።

«ባቲ አንድ የጨው ነጋዴ ነበረ፣ አፈ ማር። እሱን ተከትላ ሄደች። አያቴና የአገር ሽማግሌዎች ተሰበሰቡና ሞታለች አሉ። በግ ታረደ፣ ሰደቃዋ ወጣ። በሕይወት ላለች ልጅ! እኔም ንፍሮውን በልቻለሁ። አባቴን ደግሞ ስሟን ዳግም እንዳይጠራ ቁርአን አስይዘው አስማሉት።»

«ኦ ማይ ጋድ» አለች ሱሀይላ።

«አባቴ መሐላ የሚያፈርስ ሰው አልነበረም። ስሟን አልጠራም። ጠባሳዋን አልናገርም ብሎ ግን አልማለም።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ ያለው መኪና ጡሩምባውን ሲነፋ ነው ሸረፈዲን መንገድ ላይ መሆኑን ያስታወሰው። ያ ሰው እንግዲህ በየገበያው፣ በሹምና በሽማግሌ ፊት፣ በፊልም አሳብቦ ልጁን ሲያፈላልግ ነበር!

«አባትሽ ፊልሙን...» ብሎ ጀመረና ተወው።

«ፊልሙንማ አላህ ነው የላከለት» አለች ሙጂባ፣ ፊቷ በርቶ። «ከስንት ፊልም ውስጥ እህቱን የሚፈልግ ሰው ታሪክ ደሴ ድረስ መምጣቱ! አባቴ ጠባሳዋን ብቻ ነው የጨመረው። ያኛው ሸረፈዲን እህቱን ካገኛት፣ አባቴም በሆነ መንገድ... እንጃ። እኔ ብቻ ማግኘቱን ልይ።»

አባትና ልጅ ተያዩ።

የጋሼ ግርማ ምግብ ቤት ሞልቶ ነበር የጠበቃቸው። ከፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር ሳይቀር ሰው መጥቷል። መስኮቶቹ በጥቁር ወረቀት ተሸፍነዋል፤ በአዳራሹ መካከል፣ ከጣሪያው እስከ ወለሉ፣ ነጭ ጨርቅ ተወጥሯል። ግርማ ጎንደሬ ነው፤ ያሕያ ሲኒማን በዝና እንጂ በዓይን አያውቀውም። ነገር ግን ድግስ ከያዘ አያያዙን ያውቅበታል።

«እትዬ ሙጂባ፣ እንኳን በደህና መጡ! ቦታዎ እዚህ ከፊት ነው፤ የቀኛዝማቹ ወንበር!» አላት።

ለሸረፈዲን ደግሞ በዘንግ ፋንታ የመጥረጊያ እጀታ ተሰጠው። ሱሀይላ ፊልሙን መሣሪያው ላይ ጠመጠመች። መብራት ጠፋ፤ መሣሪያው ማንጓጓት ጀመረ፤ ጨርቁ ላይ ፊደል መጣ። ሸረፈዲን አነበበው፤ ዶን ሌአንድሮ፣ ሺህ ልብ የሰበረ፣ ለአንዲቱም ያልታመነ። ቀጥሎ ባለካባው ብቅ አለና ጎራዴውን መዘዘ።

«እሱ አይደለም!»

ሙጂባ ከዘራዋን ተደግፋ ቆማለች።

«የኔው ሸረፈዲን ጎራዴ የሚመዝ በግራው ነው። ይሄ ቀኙ ነው! ደረጃውም በዚያ ማዶ ነበረ። ልጆቼ፣ ሌላ ፊልም ነው ያመጣችሁልኝ።»

ሰው ሁሉ ወደ ሸረፈዲን ዞረ። ለሸረፈዲን አላህ ራሱ በር የከፈተለት መሰለው። አዎ እማ፣ ተሳስተናል ቢል በቃ፣ አለቀ። ፊልሙ ወደ ጋርዴና ይመለሳል፣ የያሕያ ስም እንደ ተከበረ ይኖራል፣ ማንም አይዋሽም። አፉን ሊከፍት ሲል ግን እናቱ ቁጭ አለች። አቀማመጧ መርዶ የሰማ ሰው አቀማመጥ ነበር። ተሳስተናል ማለቱን ተወው።

ሱሀይላ መሣሪያውን አቁማ መጣችና ከአያቷ እግር ሥር ተንበረከከች።

«እማማ፣ ያኔ የት ነበር የተቀመጥሽው?»

«ከሴቶቹ ጋር ነዋ! የት እቀመጣለሁ?»

«ሴቶቹስ የት ነበሩ?»

«ከአቡጀዲው ጀርባ! ከወንድ ጋር ተጋፍተን ልናይ ኖሯል? ብርሃኑ ጨርቁን አልፎ ይታየን ነበር።»

ሱሀይላ በሁለት እጇ ጭንቅላቷን ያዘችና ሳቀች። «ዳዲ፣ ቼሩን አምጣው! ከኋላ ነው ያየችው። ሁሉም ነገር ተገልብጦ ነው የታያት!»

የቀኛዝማቹ ወንበር ተነሥቶ ከጨርቁ ጀርባ፣ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ተቀመጠ። ፊልሙ እንደገና ተጀመረ። ባለካባው ብቅ አለ፣ ጎራዴውን መዘዘ፤ ከወዲያ በኩል የሙጂባ ጩኸት አዳራሹን ሞላው።

«እሱ ነው! ወላሂ እሱ ነው! በግራው! በል አንተ ልጅ፣ ንገረን እንጂ!»

ይህን ሲሰሙ ሴቶቹ አንድ በአንድ ወንበራቸውን እየጎተቱ ወደ እሷ ሄዱ። ከፊት የቀሩት ወንዶች ነበሩ። ሸረፈዲን የመጥረጊያውን እጀታ ጨበጠ። ከጨርቁ በዚህኛው ወገን እንግሊዝኛው ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፤ በዚያኛው ወገን እናቱ አለች። ምን እንደሚል ሳይወስን አፉ ቀደመው።

«ጋሼ ግርማ ይፍቀዱልኝ! እናንተም የፌርፋክስ ሰዎች ስሙኝ! ይህ የምታዩት ባለካባ ሸረፈዲን ይባላል። እህቱ ጠፍታበት ነው የወጣው!»

ከፊት ረድፍ ኖላዊ የሚባል፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ የሚሠራ ወጣት እጁን አነሳ።

«ጋሼ ሸረፈዲን፣ ኤክስኪውዝ ሚ፣ ጽሑፉ እሱን አይደለም እኮ የሚለው! ሺህ ልብ...»

«ኖላዊ» አለው ሸረፈዲን። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «ከፊት ያለ ያንብብ፤ ከኋላ ያለ ይስማ።»

ኖላዊ ግራ ገባው። ግርማ ግን የሰውየውን ዓይን አይቶ ነገሩ የገባው መሰለ፤ የልጁን ጉልበት መታ መታ አድርጎ ዝም አሰኘው። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባል የለ? ከዚያ በኋላ እየሳቁ፣ እየተጠቃቀሱ፣ አንድ ዓይናቸውን ጽሑፉ ላይ፣ አንድ ጆሮአቸውን ሸረፈዲን ላይ አድርገው አዳመጡት። ባለካባው መስኮት ሲወጣ ከፊት በኩል «እህቱን ሊጠይቅ ነው!» ብለው አብረውት ይጮሁ ጀመር። የመጀመሪያው መሳሳም ሲመጣ ሸረፈዲን ሮጦ ኮፍያውን ከብርሃኑ ፊት ደቀነ፤ ከፊት ፉጨት፣ ከኋላ «አባቴም እንዲሁ ነበር!» የሚል የሙጂባ ድምፅ ተሰማ።

ጥቅል ተቀየረ፣ መብራት በራ። የሸረፈዲን ድምፅ ዝቅ አለ።

«ልጅቱ ጠይም ናት። ከግራ ቅንድቧ በላይ ገብስ የምታክል የእሳት ጠባሳ አላት። ስትስቅ አፏን በነጠላ አትሸፍንም። ውሃ ስትቀዳ ታፏጫለች። ያያት አለ?»

ሳቁ ቆመ። ማንም ምንም ሳይነግራቸው፣ ይህ ከፊልሙ እንዳልሆነ ሁሉም አወቀው። ከነዚህ ሰዎች መካከል የጠፋ ሰው ያልፈለገ፣ ስም ይዞ በየስደተኛ ካምፑ ያልዞረ ማን አለ? አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው «አላየንም» አሉ። ሌላውም ተቀበላቸው፤ «አላየንም።»

ከዚያ ያ ደሴ ያልደረሰው የመጨረሻ ጥቅል ተጠመጠመ። እዚህ ላይ ያሕያ የለም። ሸረፈዲን የሚይዘው የማንም ቃል አልነበረውም፤ ልጁ ከነገረችው ደግሞ የሚያስታውሰው ትንሽ ነው። ባለካባው በማዕበል ውስጥ ጋለበ፣ ከግንብ ላይ ዘለለ፣ እስር ቤት በር ሰበረ። ውስጥ አንዲት ሴት በሰንሰለት ታስራለች፤ እስከዛሬ ያልተቀበለችው፣ እሱም ሌሎቹን ሁሉ የተወላት ብቸኛ ሴት። ሰንሰለቱን በጎራዴ በጠሰው። ጨርቁ ላይ ፊደል መጣ፣ ሸረፈዲንም አነበበው። ደግሞ አነበበው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ከጽሑፉ ጋር ያልተጣላ አንድ ቃል አልተናገረም፤ አሁን ግን የሚጨምረውም የሚቀንሰውም አልነበረም።

«በመጨረሻ አገኘሁሽ» አለ።

ኖላዊ አንገቱን ነቀነቀ። ጽሑፉም እንደዚያ ነው የሚለው።

ባለካባው ክንዱን ዘረጋ፤ ሴቲቱ ቀና አለች፤ ሁለቱ ፊቶች ተቀራረቡ። ሸረፈዲን በረረና ኮፍያውን ደቀነ። አዳራሹ ጨለመ። ማንም አላፏጨም። መሣሪያው ብቻ ይንጓጓል።

ከጨርቁ ወዲያ፣ ከጨለማው ውስጥ፣ እናቱ ያ ሁሉ ዘመን ያልተጠራውን የእህቷን ስም ጠራች።

«ሱሀይላ!»

የሸረፈዲን ልጅ ስትወለድ እሱ ሌላ ስም አዘጋጅቶ ነበር፤ እናቱ ግን ይህ ስም ካልወጣላት ሕፃኗን አላቅፍም ብላ አስጨነቀችው፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገረችውም። ምሎ የሞተው ያሕያ ነው፤ እሷ ግን ስሙን ቤቷ አስገብታ፣ በአፏ ሳትጠራው፣ ልጅቱን «ልጄ»፣ «የኔ እናት» እያለች አኑራዋለች። አንድም ቀን በስሟ ጠርታት አታውቅም። እስከ ዛሬ ይህንን አለማስተዋሉ ገረመው።

መሣሪያው አጠገብ የቆመችው ልጅ ማን እንደተጠራ አታውቅም። ያወቀችው አያቷ እንደጠራቻት ነው፤ ስትጠራ እንደተማረችውም መለሰች።

«አቤት እማማ! እዚህ ነኝ።»

ከወዲያ በኩል ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። ቀጥሎም፣ እንባ የቀላቀለ ግን የተለመደው ቁጣ ያልተለየው የሙጂባ ድምፅ መጣ።

«አንተ ሸረፈዲን! ኮፍያህን አንሣ እንጂ። ስንት አገር ዞሮ ያገኛትን እህቱን እንዳይስማት ልትከለክለው ነው?»

ኮፍያውን አነሣ። መሳሙ አልፎ ነበር፤ ሁለቱ በአንድ ፈረስ ላይ ሆነው ይሄዳሉ። ከጨርቁ ጀርባ እናቱ እልል አለች፣ ሴቶቹም ተከተሏት።